የሰው ቤት ናፍቆት

«አሮጌ ቤት የሚወድ ሰው ሁልጊዜ ሌላ ማደሪያ አለው።» ይህን ያለችን ጓደኛችን ናት። ካለችው ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ አላገኘንለትም። ይህችም ጽሑፍ የመልስ ሙከራ እንጂ መልስ አይደለችም። ጓደኛችን ከመታተሟ በፊት አንብባት ሁለት ቦታ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዛብናለች።

እኛ ማለት አምስት ተማሪዎች ነን፤ ሦስታችን ታሪክ፣ ሁለታችን ሥነ ጽሑፍ እናጠናለን። ከእሷ በቀር ሁላችንም የክፍለ ሀገር ልጆች ነን። ገና አንደኛ ዓመት ሳለን፣ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከስድስት ኪሎ በእግራችን ወርደን፣ በአራት ኪሎ አድርገን፣ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግረን ፒያሳ የመውጣት ልማድ ያዝን። ኪሳችን ባዶ ስለ ነበረ የምናደርገው ነገር ማየት ብቻ ነበር፤ ማየት ደግሞ እስካሁን አይከፈልበትም። ሌላው ተማሪ የኬክ ቤት መስኮት ሲያይ እኛ አንገታችንን አንጋጠን ጣሪያ እናያለን። መንገደኛው «ምን ወደቀባችሁ?» ይለናል። አንድ ዘበኛማ ቤቱን ሊሰርቁ ነው ብሎ ተጠራጥሮ በዱላ ሸኝቶናል። ቤት እንዴት እንደሚሰረቅ ያኔ አልገባንም ነበር።

ምኑን ወደዳችሁት? ለሚለን ሰው ወሬያችን ሁልጊዜ ከበረንዳው ይጀምራል። የአዲስ አበባ አሮጌ ባለፎቅ ቤት ብዙ ጊዜ ከታች ድንጋይ፣ ከላይ እንጨትና ጭቃ ነው። ፎቁን ከፊት በኩል የእንጨት በረንዳ ይዞረዋል፤ የበረንዳው መደገፊያ እንደ ነጠላ ጥለት ተፈልፍሏል፤ በጣሪያው ጠርዝ ላይ ደግሞ አናጢው እጁ እስኪዝል በመጋዝ የጠረበው ጌጥ ተንጠልጥሏል። ዝናብ ሲዘንብ ውኃው ከቆርቆሮው እየተንደረደረ መጥቶ በጌጡ ጥርሶች መካከል በየመስመሩ ይወርዳል። ይህን ሳያይ ስለ ክረምት ግጥም የሚጽፍ ሰው ቢታገሥ ይሻለው ነበር።

ጭቃውም ቢሆን እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ባሕር ዛፉ ተሰንጥቆ ይተከላል፤ አግድም በማገር ይያዛል። አፈሩ ከጭድ ጋር በእግር ይረገጣል፤ ከዚያ እንደ ሊጥ እንዲቦካ ለቀናት ይተዋል። የሚሸተው ሽታ የሰፈሩን ሰው ሁሉ አፍንጫ ያስይዛል፤ ግን ያልቦካ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና መታገሥ ግድ ነው። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ሁለተኛው ይለጠፍበታል፤ በመጨረሻ ኖራ ይቀባል። ከውስጥ ደግሞ አቡጀዲ ተወጥሮ ኮርኒስ ይሆናል፤ ነፋስ በገባ ቁጥር እንደ ሸራ ይነፋል፤ አይጥ ስትሮጥበት እግሯ አንድ ባንድ ይታያል። ይህን የምናውቀው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከአምስታችን ሁለቱ ክረምት ክረምት ጭቃ ስንረግጥ ያደግን ነን። ክፍለ ሀገር ጭቃ ቤት ድህነት ይባላል፤ አዲስ አበባ ደርሶ መቶ ዓመት ሲሞላው ቅርስ ይባላል።

ደሞ አንድ ነገር እንጨምር። እነዚህን ቤቶች «አገር በቀል ጥበብ» እያልን ስናወድስ ቆም ብለን ብንመረምር ከግድግዳው ውስጥ የዓለም ካርታ ይወጣል። ባሕር ዛፉ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። እሱ ባይመጣ ኖሮ ከተማይቱም አትኖርም ነበር ይባላል፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እንጨት ከማለቁ የተነሣ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበርና። ቆርቆሮው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። አናጢዎቹና ግንበኞቹ ከመካከላቸው ህንዶች ነበሩ፤ አርመኖች ነበሩ፤ ግሪኮች ነበሩ። ጭቃውን የረገጠው ግን የኛው ሰው ነው፤ ስሙም አልተጻፈም። «ፒያሳችን!» እያልን የምናለቅስበት ቃል ራሱ ጣሊያንኛ ነው። የሰፈሩ ስም አራዳ ነበር፤ ትልቁ ገበያ ጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም ነበር። ጣሊያን ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፍቶ የዛሬውን መርካቶ አስጀመረና ለቀረው ቦታ ስሙን ጥሎልን ሄደ። አራዳ የሚለው ቃል ከቦታው ተነቅሎ የሰው ጠባይ መጠሪያ ሆነ። የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ሲከፈት ደግሞ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። እንግዲህ ዛሬ ናፍቆት የሚባለው ሁሉ በጊዜው ጉድ የተባለ አዲስ ነገር ነበር ማለት ነው።

የጓደኛችን ቤት ዶሮ ማነቂያ ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ይዛን ሄደች፤ ይዛን የሄደችውም ለምነናት ለምነናት ሲሰለቻት ነው። ድሮ የአንድ ነጋዴ ቤት ነበር አሉን። በረንዳው አንድ ጎኑ ተንጋዶ በባሕር ዛፍ ባላ ተደግፏል። ያን ሰፊ ቤት በኮምፖንሳቶና በካርቶን ከፍለው ሰባት አባወራ ይኖሩበታል። ለሰባቱ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። አያቷ፣ እኛም እማማ የምንላቸው፣ ከላይኛው ፎቅ አንዷን ክፍል ይዘው አርባ ምናምን ዓመት ኖረዋል። የአቡጀዲው ኮርኒስ ላይ የዝናቡ ውኃ የሠራው ቡናማ ነጠብጣብ አለ፤ ከመካከላችን አንዱ «የአፍሪካ ካርታ ይመስላል» አለ። እማማ ቀና ብለው አዩትና፣

«ልጄ፣ አምና ግብፅ አልነበረችበትም፤ ዘንድሮ ነው የጨመረችው» አሉት።

ሳቅን። ቡና ተፈላ። በረንዳው ላይ ወጥተን ስንደነቅ፣ ስንዳስስ፣ ፎቶ ስናነሣ ቆየን። እማማ ታገሡንና፣ «የናንተስ ፍቅር ጥሩ ነው» አሉ፤ «እኔ ግን ሌሊት ሽንት ቤት ለመውረድ ያን ደረጃ በጨለማ ስይዝ አንድ ቀን ተሰብሮ ይዞኝ ይሄዳል እያልኩ ነው የምኖረው። በረንዳውን እናንተ ውሰዱት፤ ለኔ ሽንት ቤት ስጡኝ።»

ለምን አይጠገንም? ብለን ጠየቅን። ክፍለ ሀገሬነታችን ያን ጊዜ ታወቀ። ታሪክ የምናጠናው ሦስታችን ግን በኋላ ጉዳዩን ተከታትለን ያገኘነው ይህ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ የወር ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የነበረ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ እማማም «ያን ቀን እልል ብያለሁ» ብለውናል። ኪራዩ ግን እዚያው ዝቅ እንዳለ ቀረ፤ የእማማ የወር ኪራይ ዛሬ አንድ ማኪያቶ አይገዛም። በዚያ ገንዘብ ሰባት አባወራ የያዘ ቤት ጣሪያ የሚቀይር ማን ነው? ተከራዩ ልጠግን ቢል የራሱ አይደለም፤ ፈቃድ ሲጠይቅ ክረምቱ ያልፋል። የድሮው ባለቤት የለም። እንዲህ ሆኖ ቤቱ የሁሉም ሆነና ሚስማር የሚመታለት አጣ። ሰዎች «ጊዜ አፈረሰው» ሲሉ እንሰማለን። ጊዜ እኮ ቤት አያፈርስም፤ የሚያፈርሰው ውኃ ነው፤ ውኃ የሚገባውም ቆርቆሮ ሳይቀየር ሲቀር ነው።

በመመለሻችን ላይ ጓደኛችን ያቺን ቃል ተናገረች። ቀጥላም፣ «ለመሆኑ የምትወዱት ቤቱን ነው ወይስ እኛ የሌለንበትን ቤቱን?» አለች። ከራስ መኮንን ድልድይ እስከ አራት ኪሎ ማንም አልተናገረም።

ከዚያ ወዲህ በመካከላችን ስለ «ደጉ ዘመን» የሚነሣው ክርክር ማብቂያ የለውም። ከእኛ አንዱ (ማንነቱን አንገልጽም፤ ሥነ ጽሑፍ ነው የሚያጠናው) የውቤ በረሃን የመሸታ ቤቶች ወሬ ሲጀምር ዓይኑ ይንከራተታል፤ አንድ ቀን ማሲንቆ ተሸክሞ ይጠፋብናል ብለን እንሠጋለን። ሌላው ደግሞ ይነሣና፣ «የማን ደግ ዘመን?» ይላል። እውነቱን ነው። የመኳንንቱን ሰፋፊ ቤቶች ስናደንቅ በስተጀርባ የነበሩትን የአሽከርና የገረድ ጎጆዎች ማን አየ? ባርነት ጨርሶ በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከእነዚህ በረንዳዎች አንዳንዶቹ ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው። ጣውላውን ማን ተሸከመ ብሎ መጠየቅ ናፍቆትን ያቀዘቅዛል፤ ይቀዝቅዝ።

የኛው ግቢ ተማሪዎችም በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲወጡ ለድሮ አልተከዙም፤ ድሮ ይብቃ ነበር የሚሉት። የሚገርመው እኛ ደግሞ ዛሬ እነሱን እንናፍቃለን፤ አፍሮ ጸጉራቸውን፣ እግሩ የሰፋ ሱሪያቸውን፣ ሌሊት በማባዣ መሣሪያ የሚያትሙትን ጽሑፍ። ይህች መጽሔት ራሷ ምንድን ናት? ሁሉም ሰው ስልክ በያዘበት ዘመን ጣት የምታጠቁር ቀለም ለምን መረጥን? መልሱን አዘጋጆቹ ይስጡ። እኛ ሽታዋን እንወዳለን።

ይሁን እንጂ ናፍቆት ሁሉ ውሸት ነው ብለን እንዳንደመድም የሚያደርገን የምንማርበት ግቢ ነው። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትን ማንም ተማሪ ያውቀዋል፤ በአጠገቡ እያለፍን ክፍል እንገባለን። በዚህ ግቢ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለ፤ ከዚያ በኋላ በከተማይቱ ላይ የወረደው እልቂት የሚረሳ አይደለም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥቱ ሲከሽፍ ታግተው የነበሩ ሹማምንት እዚሁ ቤት ውስጥ ተረሸኑ። በዓመቱ፣ በ1954 ዓ.ም.፣ ቤተ መንግሥቱ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ዛሬ ሙዚየም አለበት። ይህ ሁሉ የሆነበት ቤት ፈርሶ በምትኩ የመስታወት ሕንፃ ቢቆም ኖሮ ታሪኩ በመጽሐፍ አይጠፋም ነበር፤ መምህሩም ያስተምረን ነበር። ሆኖም አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ «እዚህ ነው» ሲል የሚሰማ የሆድ መረበሽ አለ። እሱን መጽሐፍ አይሰጥም።

ከቤተ መንግሥቱ ፊት ያለውን ደረጃም አስቡት። እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል፤ የትም አያደርስም። ጣሊያኖች የሠሩት ነው፤ ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ጊዜ አንሥቶ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ ይቆጠራል ይባላል። ነፃነት ሲመለስ ይህን ደረጃ በአንድ ቀን አፍርሶ መጣል ይቻል ነበር፤ የሚቃወምም አይገኝም። ያደረጉት ግን ከአናቱ ላይ የይሁዳን አንበሳ ማስቀመጥ ነበር። ከሐውልት ሁሉ ይህን የምንወደው ለዚህ ነው፤ ጠላት የሠራውንና እኛ የመለስነውን ባንድ ድንጋይ ላይ አሳይቶ ያቆማል። ደረጃው ቢፈርስ አንበሳው ምን ላይ እንደ ቆመ ማን ያውቅ ነበር?

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ የኮሪደር ልማት ሥራ ፒያሳ ደረሰ። ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። የሆነውን ሁሉ እዚህ አንዘረዝርም፤ አብዛኛው አንባቢ በዓይኑ አይቶታል። በቅዳሜያችን ስንሄድ የደረስንበት ሜዳ ላይ አቧራ ብቻ ነበር። የተቆራረጠ ጣውላ በመኪና ሲጫን አየን፤ ከተጫነው መካከል አንድ የተፈለፈለ የበረንዳ መደገፊያ ከአሮጌ ቆርቆሮ ጋር ተጣምሮ ነበር። የማገዶ ሻጮች ዋጋ ይጠይቃሉ። ባሕር ዛፉ እንደ መጣ፣ ለማገዶ፣ ሄደ።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ጎራ አለ፤ ሁለቱም ያናድደናል። አንዱ «አሮጌ ሁሉ ቆሻሻ ነው፤ ይጠረግ» ይላል። ሌላው «አሮጌ ሁሉ ቅዱስ ነው፤ አይነካ» ይላል፤ ይህን የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ውኃና መብራት ካለበት ቤት ሆኖ ነው። እማማ የጠየቁት ሽንት ቤት ነው፤ ሽንት ቤት ለማግኘት በረንዳው መፍረስ አለበት ያለው ማን ነው? ጠግኖ ማኖር በዚህች ከተማ የማይታወቅ ነገር አይደለም። የራስ ብሩ ቤት ተጠብቆ የከተማዋ ሙዚየም ሆኗል። እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ከፊሉን በልቶት ተጠግኖ እንደገና እንግዳ ተቀብሏል። የምኒልክ ግቢ ታድሶ በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፍቷል፤ ገብተን አይተናል፤ አምሮበታል። እንግዲህ እጁም ጥበቡም አለ። ልዩነቱ የንጉሥና የራስ ቤት ጠያቂ ማግኘቱ ነው። ሰባት አባወራ በካርቶን ተከፋፍሎ የኖረበት የነጋዴ ቤት ግን እንደ ኗሪዎቹ ነው፤ ስሙን የሚጠራለት የለም። አገሪቱ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የቅርስ አዋጅ አላት፤ አዋጅ ቁጥር 209 ነው። አዋጅ ግን ቆርቆሮ አይመታም።

እማማ ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። አራተኛ ፎቅ። ባለፈው ፋሲካ ሳልስት ዳቦ ይዘን ሄድን። በሩን እንደ ከፈቱ፣ ገና ሳንቀመጥ፣ እጃችንን ይዘው ሽንት ቤቱን አሳዩን። ነጭ ሴራሚክ ነው፤ ውኃውን ለቀቁልንና አብረን ሰማነው። «በመጨረሻ እድሜዬ ወርቅ ቤት ገባሁ» አሉ። ከልባቸው ነው ያሉት፤ ይህን ያልጻፈ ስለ አሮጌ ቤት ባይጽፍ ይሻላል።

ከዚያ ቡና አፈሉ። ሲያልቅ ከወንበራቸው ተነሥተው እንደ ልማዳቸው በሩን ከፈቱና፣ «ኑ ቡና ጠጡ!» ብለው ወደ ደረጃው ተጣሩ። ድምፃቸው ሲሚንቶው ላይ ነጥሮ ተመለሰ። ከታች አንድ በር ተከፍቶ ተዘጋ። እማማ ትንሽ ጠበቁ። «እዚህ ሰው ሥራ ይበዛበታል» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። የድሮው ጎረቤት በየአቅጣጫው ተበትኗል። እድርተኞቹ ወር በወር በሁለት ታክሲ እየተጓዙ ይሰበሰባሉ፤ የመጨረሻው ሰው ሲደርስ የመጀመሪያው ለመሄድ ይነሣል። በርበሬ የሚሰጣበት ቦታ የለም፤ ሊፍትም የለም፤ ጉልበታቸው ደግሞ አራቱን ፎቅ በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ አይፈቅድም። ያ የሚያስፈራቸው የእንጨት ደረጃ አሥራ ሁለት እርከን ነበረው።

ጓደኛችን ያን ቀን ስንመለስ፣ «አሁን ከየት ነሽ ሲሉኝ ምን እላለሁ?» አለች። የታክሲ ረዳቱ «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያለ ይጣራ ነበር። «ከዶሮ ማነቂያ» በይ፣ አልናት። «ዶሮ ማነቂያ የለማ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኛ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ መውጣት ጀመረች፤ ያውም በደብተር። አሁን ሥራችን ተለውጧል። በየደረስንበት ቤት በሩን እናንኳኳለን፤ ፈቃድ ጠይቀን እንለካለን፤ ማን አሠራው፣ ማን ኖረበት፣ መቼ ተከፈለ፣ ጣሪያው መቼ ነው መጨረሻ የተቀየረው ብለን እንጽፋለን። የሚያባርረን አለ፤ ቡና የሚጋብዘን ይበዛል። እስካሁን አሥራ አንድ ቤቶች በደብተራችን ላይ አሉ። ከእነሱ ሁለቱ ከተለኩ በኋላ ፈርሰዋል፤ አሁን ያሉት በደብተሩ ውስጥ ብቻ ነው።

የምንፈልገው ሰው ነው። ቴፕ ሜትር አለን፤ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አሥር ሜትር ላይ ተበጥሷል። መሣል የሚችል ቢኖር ደስ ይለናል፤ ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ የሚናገር ቢኖር ደግሞ ይበልጥ ይጠቅመናል፤ ሽማግሌዎቹ ነገራቸውን በልባቸው ቋንቋ ሲያወሩት ይረዝማልና። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ የትም ከማያደርሰው ደረጃ ሥር እንገናኝ። እስክሪብቶ ያዙ። በጓደኛችን የተጨመረ አንድ መመሪያም አለ፤ በረንዳው ከመለካቱ በፊት ሽንት ቤቱ ይለካ።